ከአሌክሳንድሪያ እስከ ዊንቸስተር፦ የተኩስና የታሪክ ትምህርት ማስታወሻ

ዓርብ

በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት መንገድ ቁጥር 7 ከአሌክሳንድሪያ ከተማ መሐል «ኪንግ ስትሪት» ተብሎ ይነሣና የሐበሻ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ባሉበት በቤይሊስ ክሮስሮድስ በኩል አልፎ፣ ሊስበርግን ተሻግሮ፣ የብሉ ሪጅን ተራራ በስኒከርስ ጋፕ በር ወጥቶ፣ የሸናንዶዋን ወንዝ ካለፈ በኋላ ዊንቸስተር ላይ ያበቃል። እኔና ጋሼ ከቀትር በኋላ ተነሥተን የተጓዝነው በዚሁ መንገድ ነው። በአውራ ጎዳና ቁጥር 66 ዞሮ መሄድም ይቻል ነበር፤ ጋሼ ግን ለሁለት ቀን አፈር ላይ ከመተኛታቸው በፊት ተራራ ማየት እንደሚገባቸው ነግረውኝ ስለ ነበር ምርጫው የእርሳቸው ሆነ።

ጋሼ የምላቸው በአንድ ሕንፃ የምንኖር፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ጎረቤቴ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ከመንደራቸው ተመልምለው በታጠቅ ጦር ሰፈር ከሠለጠኑት ሚሊሻዎች አንዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ብዙ አያወሩም፤ እኔም አልጠይቃቸውም። አሜሪካን የመሠረቱት ዐሥራ ሦስት ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ያነሡት አብዮት የተጀመረበትን ቀን ታሪክ ከጠብመንጃ ተኩስ ጋር አጣምሮ የሚያስተምር የሁለት ቀን ሥልጠና እንዳለ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው? ካድሬ አለበት?»

ካድሬ የለበትም። ሥልጠናው «ፕሮጀክት አፕልሲድ» ይባላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ከኖርዝ ካሮላይና የተነሣ ሲሆን (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በልዩ ልዩ ግዛቶች በሚገኙ የተኩስ ሜዳዎች ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ፣ አስተማሪዎቹም በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉበት ነው። የታሪኩ ክፍል በአንዲት ቀን ላይ ያረፈ ነው፤ እርሷም የእንግሊዝ ወታደሮችና የማሳቹሴትስ ሚሊሻዎች በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ የተዋጉባት ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ናት። የዚህች ቀን 250ኛ ዓመት በ2025 ከቀዳም ሥዑር ጋር ስለ ገጠመ በዚያ ሳምንት መሄድ ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም፤ ስለዚህ በዓለ ሃምሳ ውስጥ የዋለ ሌላ ሳምንት መረጥን። በዓለ ሃምሳ መሆኑ ለመንገዱም ጠቅሞናል፤ ዓርብ ቢሆንም ባለቤቴ የቋጠረችልንን ጥብስ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለን ያለ ሐሳብ በላን።

ዊንቸስተር የደረስነው ገና ብርሃን ሳለ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ከ1755 መጨረሻ እስከ 1756 መጨረሻ ድረስ፣ የፎርት ላውደን ምሽግ እስኪሠራ፣ የቨርጂኒያ ሬጅመንት አዛዥ ሆኖ የሠራባት ከግንድና ከድንጋይ የተሠራች አነስተኛ ቤት ከመሐል ከተማው ብዙም አትርቅም። ሥራውን ሲጀምር ዕድሜው ገና ሃያ ሦስት ነበር። ቤቷን ከውጭ አይተን ወደ ማረፊያችን ሄድንና ለነገ የሚያስፈልገንን አዘጋጀን፤ ሁለት ባለ 22 ካሊበር ሩገር 10/22 ጠብመንጃዎች፣ ለእያንዳንዳችን ወደ 400 የሚጠጋ ጥይት፣ ትርፍ ካዝናዎች፣ የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ እንዲሁም ከሁሉ በላይ እንድንይዘው የተነገረን፣ በክንድ ላይ የሚጠበቅ ሰፊ የጨርቅ ማንገቻ።

ቅዳሜ

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታ ሥር የተዘረጋ ነው። ወደ ሠላሳ የምንጠጋ ሰዎች ነበርን፤ አባትና ልጅ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ነርሶች፣ አንድ የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከእኛ በቀር ደግሞ ከኤልሳልቫዶር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች። አስተማሪዎቹ በቆባቸው ቀለም ይለያሉ፤ ቀይ ያደረጉት አስተማሪዎች ሲሆኑ ብርቱካናማ ያደረጉት አስተማሪ ለመሆን የሚለማመዱት ናቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት ያለ አንዲት ጥይት ያለፈ ነበር። አራት የደኅንነት ደንቦችን ደጋግመን በቃል እንድንል ተደረገ፦ አፈሙዙ ዘወትር አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ ይሁን፤ ትእዛዝ ሳይሰጥ ጥይት አይጉረስ፤ ማነጣጠሪያው ኢላማው ላይ ሳያርፍ ጣት ምላጭ አይንካ፤ በአጠገብ ያሉትም ሰዎች እነዚህን ደንቦች መጠበቃቸውን ማረጋገጥ የእያንዳንዱ ሰው ግዴታ ነው። አራተኛው ደንብ ጋሼን አስገረማቸው። ማንኛውም ሰው፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ ቢሆን፣ አደገኛ ነገር ካየ «ተኩስ አቁም» ብሎ መስመሩን በሙሉ ማስቆም እንደሚችል ሲነገራቸው ወደ እኔ ዘንበል ብለው «በታጠቅ ይህን የሚል ሰው ቢገኝ መቶ አለቃው ምን ባለው ነበር!» አሉኝ። መሣሪያ ከሰው እጅ የሚለይበትም ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ ካዝናው ይወጣል፣ ቃታው ወደ ኋላ ተስቦ ይቆለፋል፣ የጥበቃ ቁልፉ ይዘጋል፣ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ብሩህ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ምልክት ይገባል፤ ይህ ሁሉ በአስተማሪ ታይቶ ሳያልቅ ወደ ኢላማው የሚራመድ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስተምረን ዐሥራ ሦስት ጥይት እንድንተኩስ ታዘዝን። በወረቀቱ ላይ የቀይ ለባሽ የእንግሊዝ ወታደር ቅርጽ በአራት መጠን ተስሏል፤ በ25 ሜትር ርቀት ሲታይ በ100፣ በ200፣ በ300 እና በ400 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) የቆመ ሰው ያህል እንዲሆን ተመጥኗል። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥይት ይተኮስና የቀረችው አንዲት ጥይት በ250 ያርድ ላይ እንዳለች የምትቆጠር ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ ታርፋለች። ይህች አራት ማዕዘን የዳንኤል ሞርጋን ጠፍጣፋ እንጨት ትባላለች፤ በአብዮቱ ጊዜ የተኳሾች አዛዥ የነበረው ሞርጋን በዚሁ በዊንቸስተር ሰዎቹን ሲመለምል በእንዲህ ያለ ኢላማ ይፈትናቸው ነበር ከሚለው ትውፊት የመጣች ናት። ወረቀቶቻችን ተሰብስበው ለእሑድ ማታ እንዲቆዩ ተደረገ።

ትምህርቱ በማንገቻው ተጀመረ። ማንገቻው ከላይኛው ክንድ ላይ ጠብቆ ታስሮ ጠብመንጃውን ከትከሻ ጋር ሲያጣብቀው ክብደቱን የሚሸከመው ጡንቻ መሆኑ ቀርቶ አጥንት ይሆናል፤ ጡንቻ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣልም፤ አጥንት ግን አይደክምም። በደረት ተኝቶ ሲተኮስ የግራ ክርን በትክክል ከጠብመንጃው ሥር እንዲውል ይፈለጋል፤ ይህንንም አስተማሪዎቹ እየተንበረከኩ በእያንዳንዳችን ላይ አስተካከሉ። ቀጥሎ የመጣው ለእኔ የሁለቱ ቀናት ዋና ትምህርት ነበር። ሰውነት ዘና ብሎ ሲተኛ ጠብመንጃው ራሱ የሚያመለክተው አንድ አቅጣጫ አለው። ተኳሹ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ስቦና ለቅቆ፣ እንደገና ዓይኑን ሲገልጥ ማነጣጠሪያው ከኢላማው ፈንጠር ብሎ ካገኘው በክንዱ ገፍቶ አያመጣውም፤ በክርኑ ዙሪያ ሰውነቱን በሙሉ ያዞራል። በክንዱ ገፍቶ ያመጣው እንደ ሆነ ምላጩ በተለቀቀባት ቅጽበት ጡንቻው ወደ ቦታው ይመለስና ጥይቱን ይዞት ይሄዳል።

ተኩሱን ራሱን ስድስት ደረጃ አድርገው ያስተምሩታል፤ የፊቱንና የኋላውን ማነጣጠሪያ ማስተካከል፣ በኢላማው ላይ ማሳረፍ፣ ትንፋሽ ሲወጣ በተፈጥሮ የሚመጣውን ዕረፍት መጠበቅ፣ ዓይንን በፊት ማነጣጠሪያው ላይ ሐሳብንም ማነጣጠሪያውን በኢላማው ላይ በማቆየቱ ላይ መትከል፣ ምላጩን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ፣ ከተተኮሰም በኋላ ምላጩን ይዞ ጥይቱ የት እንዳረፈ በልብ መናገር። ጋሼ የመጀመሪያዎቹን አምስት ያውቋቸው ነበር፤ ስድስተኛውን ግን አልሰሙም። አንዱ ብርቱካናማ ቆብ «ጥይቱ ሲወጣ ማነጣጠሪያው የት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃቸው ወረቀቱን ለማየት ቀና አሉ፤ እርሱም «ወረቀቱን ኋላ እናየዋለን፤ አሁን እርስዎ ያዩትን ይንገሩኝ» አላቸው። ከዚያ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በአማርኛ «ወደ ግራ ከፍ ብሎ» ወይም «ትክክል» ሲሉ ከጎናቸው እሰማቸው ነበር።

የሚፈለገው ልክ ቀላል ስሌት ነው። በ25 ሜትር አንድ ኢንች ካሬ ውስጥ ዘወትር መምታት የሚችል ሰው፣ ስሕተቱ ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ ስለሚሄድ፣ በ100 ያርድ አራት ኢንች፣ በ400 ያርድ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ኢንች ገደማ ውስጥ ይመታል፤ ይህም የሰው ደረት ስፋት ያህል ነው።

ታሪኩ በዕረፍት ሰዓት ይነገር ነበር። ጆሮ መከላከያችንን አውልቀን በጥላ ሥር ስንቀመጥ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ያለ ወረቀት ተረከችልን። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ቶማስ ጌጅ በኮንኮርድ የተከማቸውን መሣሪያና ስንቅ ለማጥፋት ወደ 700 የሚጠጉ ወታደሮችን በሌሊት ከቦስተን ያስወጣል። ከአብዮተኞቹ ወገን ፖል ሪቪር በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዊልያም ዶውስ በየብስ መንገድ ወጥቶ፣ በፈረስ እየጋለቡ ገጠሩን ይቀሰቅሳሉ። ሪቪር ኮንኮርድ ሳይደርስ ተያዘ፤ ወሬውን ኮንኮርድ ያደረሰው በመንገድ ያገኛቸው ዶክተር ሳሙኤል ፕሬስኮት ነበር። ጎሕ ሲቀድ በሌክሲንግተን አደባባይ ላይ 77 የሚሆኑ የከተማው ሚሊሻዎች በካፒቴን ጆን ፓርከር ሥር ተሰልፈው ነበር። የመጀመሪያውን ጥይት ማን እንደ ተኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስምንት ሚሊሻዎች ሞቱ፤ ዐሥር ቆሰሉ። ከቆሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኢስታብሩክ የተባለ በባርነት ይኖር የነበረ ጥቁር ሰው ነበር፤ አስተማሪዋ ስሙን ስትጠራ ከማንም በፊት ጋሼ ቀና አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። በሌክሲንግተን ከቆመው ድንጋይ ላይ ፓርከር ለሰዎቹ «ጦርነት ከፈለጉ እዚህ ይጀመር» እንዳላቸው ተቀርጿል። ነገር ግን ፓርከር ራሱ ከውጊያው ጥቂት ቀናት በኋላ በመሐላ በሰጠው ቃል ላይ የተናገረው ሌላ ነው፤ ሰዎቹ እንዲበተኑና እንዳይተኩሱ ወዲያው ማዘዙን ነው የመሰከረው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የሞተው ይህ ሰው በመሐላ ቃሉ ውስጥ ከድንጋዩ ጽሑፍ ይልቅ ለእኔ ይበልጥብኛል፤ ሰባ ሰባት ሰው በሰባት መቶ ፊት አቁሞ «ተበተኑ» ማለት የቻለ አዛዥ ነበርና።

የኮንኮርዱ ክፍል ከቀትር በኋላ ተነገረን። በሰሜን ድልድይ በኩል የተሰበሰቡት ወደ 400 የሚጠጉ ሚሊሻዎች ከከተማው ጢስ ሲወጣ አይተው ቤቶቻችን ተቃጠሉ ብለው ወደ ድልድዩ ወረዱ። ከፊት የቀደመው ከአክተን ከተማ የመጣው ጓድ ነበር፤ አዛዡ አይዛክ ዴቪስ ጠብመንጃ ሠሪ ሲሆን ከቤቱ ጀርባ የኢላማ ሜዳ ሠርቶ ሰዎቹን ያለማምዳቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ተመቶ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ነበር።

ማታ በማረፊያችን ጋሼ ያነሡት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የማሳቹሴትስ ሚሊሻዎች መኮንኖቻቸውን ራሳቸው ይመርጡ እንደ ነበር ሰምተዋል፤ ይህን አላለፉትም። «እኛን ቀበሌው በኮታ ነው የላከን፤ አለቃችንንም ያወቅነው ታጠቅ ስንደርስ ነው» አሉ። ቀጥለውም እነዚያ ገበሬዎች የመረጡት ሰው ቢሳሳት ማን ይጠየቅ እንደ ነበር ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

እሑድ

ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ምንጣፉ ላይ ስንተኛ ውኃው ወደ ክርናችን ዘለቀ። ዕለቱ በሙሉ የፈተና ቀን ነው። ፈተናው 40 ጥይት አለው፤ ዐሥሩ ቆሞ በሁለት ደቂቃ፣ ዐሥሩ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ በ55 ሴኮንድ፣ ዐሥሩ ተኝቶ በ65 ሴኮንድ ይተኮስና የመጨረሻዎቹ ዐሥር ተኝቶ በአምስት ደቂቃ ይተኮሳሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ካዝና መቀየርም አለ፤ የብዙዎቻችን ነጥብ የፈሰሰውም እዚያ ላይ ነው። ከ250 ነጥብ 210 ያገኘ ሰው «ራይፍልማን» የሚል የጨርቅ ምልክት ይሰጠዋል። ፈተናው ቀኑን ሙሉ ይደጋገማል፤ የሚያዘውም የተሻለው ውጤት ነው።

በዚህ መካከል ሦስተኛው የታሪክ ክፍል ተነገረ። የእንግሊዝ ወታደሮች ከኮንኮርድ ሲመለሱ ከሜሪያም ኮርነር ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከግንብና ከዛፍ ጀርባ እየተተኮሰባቸው ወደ ሌክሲንግተን ሸሹ፤ በዚያም ሎርድ ፐርሲ ሁለት መድፍና ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጋ ጦር ይዞ ደርሶ ከመፍረስ አዳናቸው። ሚኖቶሚ በተባለው ስፍራ ሳሙኤል ዊተሞር የተባለ የ78 ዓመት ሽማግሌ ብቻውን ገጠማቸው፤ ፊቱን በጥይት ተመትቶ፣ በሳንጃ ተወግቶ፣ ሞቷል ተብሎ ተጥሎ ሳለ ዳነና እስከ 1793 ኖረ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከእኔ ቀድመው ወደ መስመሩ ተመለሱ።

በቀኑ መጨረሻ ከእንግሊዝ በኩል 73 ሰው ሞቷል፣ 174 ቆስሏል፤ ከሚሊሻዎቹ በኩል የሞቱት 49 ነበሩ። ፐርሲ በማግሥቱ በጻፈው ደብዳቤ እነዚህን ሰዎች ሥርዓት የሌለው ሕዝብ አድርጎ የሚያይ እጅግ ይሳሳታል ብሏል።

የሥልጠናው ሐሳብ፣ ማለትም ለጥሩ ተኳሽነት መነሻው ያ ቀን ነው የሚለው፣ እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። በዚያ ቀን አብዛኞቹ ሚሊሻዎች የያዙት በውስጡ ጥምዝ ቦይ የሌለው፣ ክብ ጥይት በአፈሙዙ የሚጎርስ መስኬት ነበር፤ ከመቶ ያርድ በላይ አንድን ሰው ለይቶ መምታት የሚቻልበት መሣሪያ አይደለም። ጥምዝ ቦይ ያለው ረዥም ጠብመንጃ የፔንሲልቬኒያና የቨርጂኒያ ጠረፍ ሰዎች መሣሪያ ነበርና ወደ ቦስተን የደረሰው ከሌክሲንግተን ውጊያ ወራት በኋላ ነው። ኤፕሪል 19ን የለየው የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ሳይሆን የከተሞቹ ዝግጅት ይመስለኛል። የማሳቹሴትስ የክፍለ ሀገር ጉባኤ በኦክቶበር 1774 ባስተላለፈው ውሳኔ መሠረት ከተሞቹ በአጭር ጥሪ የሚከቱ ጓዶችን አቋቋሙ፤ መኮንን መረጡ፣ ስንቅና ባሩድ ገዙ፣ በየሳምንቱ ተለማመዱ፣ የጥሪውን ሰንሰለት በፈረሰኛና በደወል አሰናዱ። ማታ ላይ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ወጥቶ የተገኘው ስለዚህ ነው። እኛም ብንሆን የዓድዋን ድል በአልሞ ተኳሾቹ ብቻ አንተርከውም፤ ከምኒልክ የመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ፣ ከስንቁ፣ ከበቅሎው፣ ቀድሞ ከተገዛው ውጅግራ እንጀምራለን እንጂ።

ይህን ለአንዱ ቀይ ቆብ በምሳ ሰዓት ነገርሁት። አልተቃወመኝም፤ ከቤቱ ጀርባ የኢላማ ሜዳ የሠራው ዴቪስ ታሪክ ለሁለቱም ወገን እንደሚያገለግል ብቻ ተናገረ፤ ልክ ነው። ደግሞም ስለ ዛሬ ፖለቲካ አንዲት ቃል በሁለቱ ቀናት ውስጥ ከአስተማሪዎቹ አፍ አልሰማሁም፤ ይህ ደንባቸው እንደ ሆነ ኋላ አወቅሁ፤ ጋሼም ስለ ካድሬ ያነሡትን ጥያቄ እንደገና አላነሡም።

ከቀትር በኋላ የቅዳሜዎቹ ዐሥራ ሦስት ጥይቶች በአዲስ ወረቀት ላይ ተደገሙና ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተሰጡን። የእኔ በ300ና በ400 ያርድ ባሉት ቅርጾች ላይ ያለው ለውጥ ግልጽ ነበር። ከመስመሩ 210 ያለፉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከኤልሳልቫዶር ወንድማማቾች ታናሹ አንዱ ነው። ጋሼ በመጨረሻው ፈተና ለጥቂት ቀረባቸው፤ ነጥብ የጣሉት ቆመው ሲተኩሱ ነበርና ጥፋቱን በሙሉ በጉልበታቸው ላይ ጣሉት።

ሰኞ

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት በማውንት ሂብሮን መካነ መቃብር የሚገኘውን የዳንኤል ሞርጋንን መቃብር አየን። በወጣትነቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በሰረገላ ነጂነት ሲያገለግል አንድ መኮንን በመምታቱ 500 ግርፋት ተፈርዶበት ነበር፤ እርሱ ግን ቆጣሪው ተሳስቶ 499 ብቻ እንደ ተገረፈ፣ አንዷን ንጉሡ እንዳለበት እየቀለደ ሲያወራ ኖረ። በጁላይ 1775 ከዚህ 96 ተኳሾች ይዞ ተነሥቶ ወደ 600 ማይል የሚጠጋውን መንገድ በ21 ቀን ተጉዞ ቦስተንን ወደ ከበበው ጦር ደረሰ። በ1781 በሳውዝ ካሮላይና በካውፐንስ ያገኘው ድል የዝናው ጣሪያ ሆነ፤ በ1802 ሞተ።

በ1951 የካውፐንስ ሰዎች አጽሙን ወደ እነርሱ ለማዛወር ሲሞክሩ የዊንቸስተር የታሪክ ማኅበር የፍርድ ቤት እግድ አውጥቶ አስቀራቸው። ይህን ለጋሼ ስተርክላቸው ሳቁና የእኛ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በእግድ እንደማያልቅ፣ ይግባኙ እስከ ዛሬ ባልተዘጋ ነበር አሉ። ከዚያም መኪናው ውስጥ ገብተን መንገድ ቁጥር 7ን ወደ ምሥራቅ ያዝን፤ ቤሪቪልን ሳናልፍም ለመስከረም የሚሰጠውን ሥልጠና እንድመዘግባቸው ስልኬን አቀበሉኝ።